ጠቋሚው ሲፈጥን፣ ሲጎተት፣ ሲዘል፦ ስለ ማውስ ፍጥነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኑን ሙሉ ማውስ ይዞ የሚውል ሰው ጠቋሚው ሲፈጥንበት ወይም ሲጎተትበት ብዙ ጊዜ ችሎት ይሠራል። በጽሕፈት ሥራና በኮምፒውተር ጥገና ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ በሁለት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ለዓመታት ችለው የኖሩ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዷ የመስኮት መዝጊያዋን የኤክስ ምልክት ሦስቴ ስታ በአራተኛው ነው የምታገኘው። ሌላው ማውሱን እያነሳና እያስቀመጠ ሲገፋ ይውልና ማታ ትከሻዬን ይላል። እንዲህ መልፋት አልነበረባቸውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጠቋሚ ፍጥነት አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማውሱ ራሱ ድርሻ አለው፣ ዊንዶውሱ አለው፣ ስክሪኑ አለው፣ ጠረጴዛው ሳይቀር አለው። ጥፋቱ ከየትኛው እንደመጣ ሳይለይ ሴቲንግ የሚነካካ ሰው አንዱን ሲያቃና ሌላውን ያጣምማል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ስትሞክሩ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የነበረውንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።

ፍጥነቱን የምቀይረው የት ገብቼ ነው?

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስን ክፈቱ፣ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ» ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ «ማውስ» የሚለውን ጫኑ። «ማውስ ፖይንተር ስፒድ» ከሚለው ጎን ወደ ግራና ቀኝ የሚጎተት መስመር አለ። ከ1 እስከ 20 ይሄዳል፤ ፋብሪካው የሚተወው 10 ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ መንገዱ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ማውስ ሲሆን መጎተቻው «ከርሰር ስፒድ» ይባላል።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ «ማውስ» የሚለውን፣ ከዚያ «ፖይንተር ኦፕሽንስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ይህ አሮጌ መስኮት በአዲሶቹም ዊንዶውሶች ላይ አለ። እዚያ ያለው መጎተቻ 11 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ መሐለኛው ስድስተኛው ነው፣ እሱም ከአዲሱ 10 ጋር አንድ ነው። በአሮጌው መስኮት «አፕላይ» ወይም «ኦኬ» ካልተጫነ የቀየራችሁት አይጸናም። ብዙ ሰው በኤክስ ዘግቶ ይወጣና «ቀየርኩት እኮ፣ ግን እንደነበረ ነው» ይላል።

ማክ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ «ማውስ» ገብታችሁ «ትራኪንግ ስፒድ» የሚለውን ታስተካክላላችሁ። ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ማውስ ኤንድ ታችፓድ» የሚል አለ።

ጠቋሚው በጣም ስለሚፈጥን ሴቲንጉ ጋ መድረስ እንኳ አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ማውሱን ልቀቁት። በኪቦርድ ብቻ ይደረሳል፣ ደግሞም ይህን መንገድ ማወቅ አንድ ቀን ያድናችኋል።

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ አር የምትለዋን ፊደል ጫኑ። ስክሪኑ ግርጌ በግራ በኩል ትንሽ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤም፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል ብላችሁ ሳትለያዩ ጻፉና ኢንተር በሉ። የማውሱ መስኮት ይመጣል። ኮንትሮልን ይዛችሁ ታብን ሁለት ጊዜ ስትጫኑ «ፖይንተር ኦፕሽንስ» ላይ ትደርሳላችሁ። አሁን ኮንትሮልን ለቃችሁ ታብን ብቻ እየጫናችሁ መጎተቻው ጋ ሂዱ፤ ሲመረጥ ዙሪያው በነጠብጣብ ይከበባል። የግራ ቀስት ይቀንሳል፣ የቀኝ ቀስት ይጨምራል። ሲስማማችሁ ኢንተር።

አንዲት ጸሐፊ ይህንኑ በስልክ ስነግራት «አልከፈትም አለኝ» ትለኛለች። እንደገና ስንጀምር እንደገና እምቢ። ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠርኳት፣ ሁሉም ልክ ነው። በመጨረሻ «የጻፍሽው ምን ይመስላል?» ብላት ያነበበችልኝ አማርኛ ነው፤ ጠዋት ደብዳቤ ስትጽፍ ያበራችው ፓወር ግዕዝ እንደበራ ነበር። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ዲፒአይ የሚሉት ምንድን ነው? ዊንዶውስ ላይ ካለው ፍጥነት በምን ይለያል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህ በደንብ ቢገባ የቀሩት ግማሾቹ ራሳቸውን ይመልሳሉ።

ዲፒአይ፣ ማውሱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኢንች ሲሄድ ስንት ጊዜ «ተንቀሳቀስኩ» ብሎ ለኮምፒውተሩ እንደሚያሳውቅ የሚናገር ቁጥር ነው። የማውሱ የራሱ ጠባይ ስለሆነ ማውሱን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት አብሮ ይሄዳል። የዊንዶውሱ መጎተቻ ሥራ ደግሞ ከማውሱ የመጣውን ቁጥር ተቀብሎ ማባዛት ወይም ማካፈል ነው። መሐል ላይ ሲሆን አይጨምርም አይቀንስም፤ ከታች የምናየው ማፋጠኛ ጠፍቶ ከሆነ ማውሱ አንድ ሲል ጠቋሚው አንድ ፒክሰል፣ ማለትም ስክሪኑ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዷን ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። ስክሪናችሁ ወደ ጎን 1920 ፒክሰል አለው እንበል፣ ማውሱም 800 ዲፒአይ ነው። መጎተቻው መሐል ላይ ከሆነ ጠቋሚውን ከስክሪኑ ግራ ጫፍ ቀኝ ጫፍ ለማድረስ እጃችሁ 2.4 ኢንች፣ ማለትም 6 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ዲፒአዩ 1600 ቢሆን 3 ሳንቲሜትር ይበቃል። ስክሪኑ ባለ 3840 ፒክሰል ከሆነ ግን በ800 ዲፒአይ 12 ሳንቲሜትር መጓዝ ሊኖርባችሁ ነው።

ታዲያ በየትኛው ላስተካክል ለሚል ሰው የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ ማውሱ ዲፒአይ መቀየሪያ ካለው የዊንዶውሱን መጎተቻ መሐል ላይ ተዉትና ዲፒአዩን ቀይሩ። ምክንያቱም መጎተቻው ወደ ቀኝ ጫፍ ሲጠጋ ማውሱ ካሳወቀው በላይ እያባዛ ነው። መጨረሻው ላይ ማባዣው 3.5 ነው። ማውሱ አንድ ሲል ጠቋሚው ሦስት ወይም አራት ፒክሰል በአንዴ ይዘላል ማለት ነው፤ መሐል ላይ የቀሩት ፒክሰሎች ላይ ማረፍ አይቻልም። ፎቶሾፕ ላይ የፀጉር ጠርዝ የሚቆርጥ ወይም አውቶካድ ላይ መስመር የሚያገጣጥም ሰው «እጄ ተበላሸ» የሚለው ይኼኔ ነው። እጁ ምንም አልሆነም። ወደ ግራ ጫፍ ሲሄድ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ የመጨረሻው ደረጃ ለ32 «እንቅስቃሴ» አንድ ፒክሰል ብቻ ነው የሚሰጠው።

ዲፒአይ መቀየሪያ የሌለው ተራ የቢሮ ማውስ ያለው ሰው ግን መጎተቻውን ከመጠቀም ሌላ ምርጫ የለውም፤ አንድ ሁለት ደረጃ ወዲህና ወዲያ ማለት ምንም አይጎዳም።

ማንም ሳይነካው በድንገት ፈጠነ። ቫይረስ ይሆን?

ብዙውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። ማውሱን ከላይ እዩት፣ ከሚሽከረከረው ጎማ ኋላ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ፈልጉ። ያቺ የዲፒአይ ቁልፍ ናት። ማውሱን ስታጸዱ፣ ልጅ ሲጫወትበት፣ ወይም ጣት ጎማውን ስቶ ሲያርፍባት ትጫናለች፤ በአንድ ጫና ፍጥነቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ደጋግማችሁ ተጫኗት፤ ደረጃዎቹን ዞራ የነበራችሁበት ላይ ትመለሳለች። አንዳንድ ማውስ ደረጃውን በመብራት ቀለም ያሳያል፤ የለመዳችሁትን ቀለም ልብ ብላችሁ ያዙ።

መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ነው። አንዳንድ ርካሽ ማውሶች የመረጣችሁትን ዲፒአይ አያስታውሱም፣ ኃይል ሲቋረጥባቸው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ዓይነት ማውስ ካላችሁ የዊንዶውሱን መጎተቻ ማውሱ ከሚነሣበት ዲፒአይ ጋር አስማሙትና ቁልፏን አትንኳት።

«ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን ላብራው ወይስ ላጥፋው?

ስሙ አሳሳች ነው። «ትክክለኛነትን ያሻሽላል» ስለሚል ሁሉም ሰው ቢበራ ይሻላል ይላል። የሚሠራው ግን ማፋጠን ነው። እጃችሁን በፍጥነት ስትወረውሩ ጠቋሚው ከተለመደው በላይ ርቆ ይሄዳል፤ በዝግታ ስትገፉ ደግሞ ከተለመደው ያነሰ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ርቀት ገፍታችሁ ሁለት የተለያየ ቦታ ትደርሳላችሁ። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጊዜ፣ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን በርቶ ነው የሚመጣው።

በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ይህን ሞክሩ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ማውሱን ከቀኝ ጎኑ አስጠጉት። ጠቋሚውን ስክሪኑ መሐል ላይ ካለ አንድ ምልክት ጫፍ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ መጽሐፉን ወደ ማውሱ ግፉት። አሁን ማውሱን በጣም በዝግታ አንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ወደ ቀኝ ውሰዱት። ከዚያ በአንድ ምት መጽሐፉን እስኪነካ መልሱት። ማውሱ የተነሣበት ቦታ ተመልሷል። ጠቋሚውስ? ማፋጠኛው በርቶ ከሆነ ከምልክቱ አልፎ ወደ ግራ ርቆ ታገኙታላችሁ። አጥፍታችሁ ስትደግሙት ምልክቱ ላይ ወይም አጠገቡ ያርፋል። ጠቋሚው በመንገዱ የስክሪኑን ጠርዝ ከነካ ሙከራው ስለሚበላሽ ርቀቱን አሳጥሩ።

ላጥፋው ወይ ላላችሁት፦ ስዕል፣ ንድፍ፣ ፎቶ ላይ የምትሠሩና ጌም የምትጫወቱ አጥፉት። እጅ ርቀቱን የሚለምደው ርቀቱ ሁልጊዜ አንድ ሲሆን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ኤክሴል የሚሞላ፣ ኢንተርኔት የሚያይ ሰው ግን በርቶ ለዓመታት ከለመደው ባይነካው ይሻለዋል፤ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰውማ ይጠቅመዋል። አጥፍታችሁ «ማውሱ ከበደኝ» ካላችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡት። የመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይከብዳል።

ዊንዶውስ 11 ላይ እዚያው ማውስ ገጽ ላይ ይገኛል፤ በአሮጌው መስኮት ከመጎተቻው ሥር ያለች ትንሽ ሳጥን ናት። አዳዲስ ማኮች ላይ በማውስ ሴቲንጉ «አድቫንስድ» ውስጥ «ፖይንተር አክሰለሬሽን» ይባላል።

ለእኔ ልክ የሆነው ፍጥነት የቱ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ቁጥር ልሰጣችሁ አልችልም፤ እጅ፣ ጠረጴዛና ስክሪን ይለያያል። መለኪያ ግን አለ። ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉና የእጅ አንጓችሁን ሳታነሡ ጠቋሚውን ከስክሪኑ አንዱ ጎን ወደ ሌላው ለማድረስ ሞክሩ። ማውሱን እያነሣችሁ ካስቀመጣችሁ ዘግይቷል። ከዚያ የስክሪኑ ቀኝ ላይኛ ጥግ ያለችውን የኤክስ ምልክት ሳይሆን፣ ከእሷ ግራ ያለችውን የማሳነሻ ምልክት በአንድ ጉዞ ለማግኘት ሞክሩ። ኤክሷ ጥግ ላይ ስለሆነች መስኮቱ ስክሪኑን ሲሞላ ጠቋሚውን ወደ ጥጉ ብትወረውሩት ራሱ ጥጉ ያስቆምላችኋል፤ ስለዚህ አትመዝንም። አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ከሁለት ሦስቴ በላይ አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ ፈጥኗል፤ አንድ ደረጃ ቀንሱ።

ያስተካከልኩት ኮምፒውተሩ ሲጠፋና ሲበራ ይመለስብኛል።

መጀመሪያ የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ጠይቁ። ኢንተርኔት ቤትና የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያለ ፕሮግራም ይጫንባቸዋል። ሪስታርት ሲያደርጉ የተቀየረው ሁሉ ይጠፋል፤ የማውስ ፍጥነትም አብሮ ይሄዳል። ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ ኃላፊውን ማነጋገር ነው ያለው።

የራሳችሁ ከሆነ የማውሱ ኩባንያ ያወጣው ፕሮግራም ተጭኖ እንደሆነ እዩ። የሎጂቴክ፣ የሬዘርና የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ሲነሣ ራሳቸው ይነሡና የያዙትን ፍጥነት ይጭናሉ። እንዲህ ከሆነ ፍጥነቱን ዊንዶውስ ላይ ሳይሆን እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ቀይሩ፣ ወይም ፕሮግራሙን አውጡት። ሁለቱንም ይዞ አንዱን ከሌላው ማታገል መጨረሻ የለውም።

ሌላው ደግሞ፣ ዊንዶውስ ፍጥነቱን የሚይዘው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለየብቻ ነው። ባለቤታችሁ በራሷ ስም ስትገባ የእናንተን ፍጥነት አታገኝም። የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ላይም ጠቋሚው ለየት ያለ ፍጥነት ቢኖረው በዚሁ ምክንያት ነውና አያሳስባችሁ።

ጠቋሚው ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ጨርሶ አይሄድም። ፍጥነቱን ብቀንስ ይተዋል?

አይተውም። ይህ የፍጥነት ችግር አይደለም፤ ዓይኑ አያይም።

የዛሬ ማውስ ሆዱ ሥር ትንሽ ካሜራ አለችው። ከጎኗ ባለች መብራት እየታገዘች የጠረጴዛውን ገጽ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ታነሣለች፤ አንዱን ፎቶ ከቀጣዩ ጋር አስተያይታ ወዴትና ምን ያህል እንደሄደች ትገምታለች። ስለዚህ ገጹ ላይ የምትይዘው ነገር፣ ጭረት ወይም የእንጨት ክር ያስፈልጋታል። መስተዋት ላይ ምንም የምትይዘው የለም። የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባ ጠረጴዛም እንዲሁ ያስቸግራታል።

አንድ ቢሮ ውስጥ አዲስ የመስተዋት ጠረጴዛ ከገባ በኋላ ሦስት ማውስ በተከታታይ «ተበላሸ» ተብሎ ተቀይሮ አገኘሁ። ኃላፊው አልሄድ ሲላቸው መጎተቻውን እየጨመሩ መጨረሻ ላይ አድርሰውታል። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አንሥቼ ከማውሱ ሥር አደረግኩ። ጠቋሚው በአንዴ ስክሪኑን አቋርጦ በረረ፤ ያ ሁሉ የተጨመረ ፍጥነት ዓይኑ ሲበራለት ገነፈለ። መጎተቻውን ወደ መሐል መለስነው፣ ሥራው አለቀ። «ተበላሹ» የተባሉት ሦስቱም ማውሶች ደህና ነበሩ፤ ገንዘቡ ግን ወጥቷል።

እቤት ላላችሁም፣ አበባ የታተመበት ላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ከሆነ ከማውሱ ሥር አንድ ነጭ ወረቀት ወይም ደብተር አድርጉና እዩ። ወረቀት ላይ ከተስተካከለ ማውስ ፓድ ግዙ፤ ሌላ ምንም አትቀይሩ። ወረቀት ላይም ከዘለለ ማውሱን ገልብጣችሁ ዓይኑ ላይ ፀጉር ወይም አቧራ ካለ በንጹሕ ጥጥና በጥቂት አልኮል ጥረጉት። አንዲት ክር እንኳ ዓይኑ ላይ ከተጋደመች ጠቋሚውን ታንቀጠቅጠዋለች።

ዋየርለስ ማውሴ ይቆራረጣል። ባትሪ ቀይሬያለሁ።

ትንሿን መቀበያ የት ነው የሰካችኋት? ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ሰው ከኋላ ይሰካታል። ያ ማለት በእናንተና በእሷ መሐል የብረት ሳጥንና ጠረጴዛ ቆሟል። ከዚህም በላይ፣ ከዩኤስቢ 3 ቀዳዳ የሚወጣ፣ ጆሮ የማይሰማው የሬዲዮ ሞገድ ረብሻ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ገመድ አልባ ዕቃዎችን እንደሚረብሽ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። አብዛኞቹ ዋየርለስ ማውሶች የሚሠሩት በዚሁ ሞገድ ነው። ዩኤስቢ 3 ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። መቀበያዋን ወደ ጥቁሩ ቀዳዳ አዛውሯት፣ በተለይ ከጎኗ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከተሰካ። የሚሻለው ግን አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገዝቶ መቀበያዋን ጠረጴዛው ላይ ማምጣት ነው።

ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ግን ጠቋሚው እየቆመ ይሄዳል።

ሲቆም ሌላውስ ይቆማል? ቪዲዮ ወይም ሙዚቃ ከፍታችሁ እዩ። አብሮ ከተቆራረጠ የደከመው ኮምፒውተሩ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፤ ሲፒዩው ወይም ዲስኩ 100 ላይ ከሆነ ማን እንደያዘው ይነግራችኋል። ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነ በኋላ የጀመረ ከሆነ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም የስክሪኑን ምስል የሚያሠራው ፕሮግራም፣ አልተጫነ ይሆናል። መስኮት ሲጎትቱ ከኋላው ጥላው እየተጎተተ የሚከተል ከሆነ ይህን ጠርጥሩ።

በኤኒዴስክ ወይም በሌላ ሪሞት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሠሩ ብቻ ከሆነ የሚዘገየው ኢንተርኔቱ ነው። በዚያ ምክንያት የማውስ ፍጥነት አትቀይሩ።

አዲስ ስክሪን ከገዛሁ ወዲህ ማውሱ ዘገየ።

ስክሪኑ ስለሰፋ ነው። ባለ 1366 የነበረው ሰው ወደ 1920 ሲሻገር ጠቋሚው ለመጓዝ አርባ በመቶ ተጨማሪ መንገድ አለው። ዲፒአዩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት።

ሁለት ስክሪን ላላችሁ፣ ጠቋሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገድ ላይ የሚያዝ ወይም ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ። ሁለቱ ስክሪኖች በሳጥን ተሥለው ታያላችሁ፤ ጠረጴዛችሁ ላይ በተቀመጡበት አኳኋን አሰልፏቸው።

ዊንዶውስ ላይ ብቀይረውም ጌሙ ውስጥ ምንም አይለወጥም።

ብዙ ጌሞች የዊንዶውሱን መጎተቻ ዘለው ቁጥሩን በቀጥታ ከማውሱ ይወስዳሉ፤ «ሮው ኢንፑት» የሚሉት ይህ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለውን «ሴንሲቲቪቲ» ቀይሩ፣ ወይም ዲፒአዩን።

አባቴ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጠቋሚውንም ያጡታል። ምን ላስተካክልላቸው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ፣ በኮምፒውተር ካልሆነ በቀር ፊታቸውን የማያዩ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ፤ ማውሱ አልታዘዝ ሲላቸው ጥፋቱ የእነሱ እየመሰላቸው ይተዉታል።

መጎተቻውን ከመሐል ሁለት ሦስት ደረጃ ወደ ግራ መልሱት። «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» ለእሳቸው ይብራ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ትንንሽ እንቅስቃሴ ነው፣ ማፋጠኛው ደግሞ ትንንሹን ያሳንሳል። ከዚያ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ «አክሰሲቢሊቲ»፣ «ማውስ ፖይንተር ኤንድ ተች» ገብታችሁ ጠቋሚውን አተልቁት፤ ከ1 እስከ 15 መጠን አለው፣ 4 ወይም 5 ለብዙዎች ይበቃል። ቀለሙንም ጥቁር ወይም ደማቅ ቢጫ አድርጉት፤ ነጭ ጠቋሚ ነጭ ገጽ ላይ ይጠፋል። በአሮጌው «ፖይንተር ኦፕሽንስ» ግርጌ ደግሞ ኮንትሮልን ሲጫኑ ጠቋሚው ያለበትን በክብ የሚያሳይ ሳጥን አለ፤ እሱንም ምልክት አድርጉበት። «ቢጠፋብዎ ይችን ቁልፍ ይጫኑ» ብላችሁ አሳዩአቸው፣ ቁልፏ ላይም ትንሽ ፕላስተር ለጥፉበት።

ደብል ክሊክ የሚቸግራቸው ከሆነ «በተንስ» የሚለው ገጽ ላይ የደብል ክሊክ ፍጥነትን ቀንሱት። ካልሆነም ምልክቱን አንዴ ነክተው ኢንተር ይበሉ፤ ያው ነው።

«ማውስ ኪይስ» ላይ ያለውን ፍጥነት ቀየርኩት፣ ማውሱ ግን አልተለወጠም።

እሱ የማውሱ አይደለም። ጠቋሚውን በኪቦርዱ የቁጥር ቁልፎች ለሚያንቀሳቅሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ወደ ነበረበት መልሱትና ዋናው ማውስ ገጽ ላይ ሂዱ።

የጎማው ስክሮል ይፈጥንብኛል።

ከጠቋሚው ፍጥነት ጋር አይገናኝም። እዚያው ማውስ ገጽ ላይ ጎማው አንዴ ሲዞር ስንት መስመር እንደሚወርድ የሚወስን አለ፤ መነሻው 3 ነው። ወደ ታች እያዞራችሁት ገጹ ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ግን የጎማው ውስጥ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል።

አዲስ ማውስ ልገዛ ነው። ምን ልመልከት?

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዲፒአይ ቁጥር አያማልላችሁ። ለቢሮ ሥራ ከ800 እስከ 1600 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ብዙ ሰው ጨርሶ አይነካውም። ዲፒአይ መቀየሪያ ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፉም ጣት በስሕተት የማያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ቁልፏን ተጭናችሁ ፍጥነቱ በእርግጥ መለወጡን እዩ፤ ከዚያ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩትና የመረጣችሁትን አስታውሶ እንደሆነ አረጋግጡ። ካላስታወሰ ሌላ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ።